በጉምጉማ ዋሻ የደወለው ስልክ

በዚያ ዘመን መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር። የማንም ሰው ድምፅ በማንም እጅ ሊሠራ ከቻለ በኋላ፣ ያልሞተ ሰው ሞተ ተብሎ ድንኳን የተጣለባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። የሞተው ሰው ደግሞ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» እያለ ለወራት የደወለባቸውም ነበሩ። ስለዚህ መርዶ በአካል ብቻ እንዲነገር ሕግ ወጣ። መርዶ ነጋሪዎች ግራጫ ኮት ይለብሳሉ። በር ሲከፈትላቸው ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ባለቤቱ እጃቸውን ይጨብጣል፣ ሰው መሆናቸውን ይለያል፣ ከዚያ ያለቅሳል።

ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚማሩት እናታቸው ስትደውል ስልኩን መዝጋት ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ መለያ የሚሆነው የቤት ቃል አለው፤ በየእሑዱ ይቀየራል፣ በጆሮ በሹክሹክታ ይነገራል። ቃሉ ግን እንደ ጫማ ይሰረቅ ነበር።

ጦርነቱ በላይኞችና በታችኞች መካከል ነው። የተጀመረው በውኃ ነው ይባላል። ሌሎች ደግሞ የታችኞቹ መሪ ተናገሩት በተባለው፣ እሳቸው ግን በፍጹም አልወጣኝም ባሉት አንድ ንግግር ነው ይላሉ። በሁለቱ አገሮች መካከል የጉምጉማ ተራራ አለ። በተራራው ሆድ ውስጥ አሮጌ የባቡር ዋሻ ያልፋል። ምሥራቁን አፍ ላይኞች ይዘውታል፤ ምዕራቡ አፍ ሲወሰድና ሲመለስ የከረመ ነው።

ስንዱ ዘለቀ የላይኞች መርዶ ነጋሪ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት የሙሽራ ልብስ ታከራይ ነበር። ዕድሜዋ አርባዎቹን አጋምሷል፤ ባል አግብታ ፈትታለች፤ ያላት ዘመድ ታናሽ ወንድሟ ይታገሱ ብቻ ነው። ይታገሱ አስተማሪ ነበር፤ አሁን የመሐንዲስ ጦር ውስጥ ሆኖ የዋሻውን ምሥራቅ አፍ ይጠብቃል።

ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ምዕራቡ አፍ በላይኞች እጅ በነበረባቸው ቀናት በአንዱ፣ ሰንበሌጥ ወደምትባል መንደር ተላከች። አንዲት እናት ልጇ ሞቶባታል። ይታገሱ ያለ ሹፌር በምትሄደው የሐዲድ ጋሪ ላይ አስቀመጣትና ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«እቴቴ፣ ቶሎ ተመለሺ» አላት።

«መርዶ ቶሎ አይነገርም» አለችው።

ጋሪዋ ዋሻው መሐል ስትደርስ ተራራው ተናወጠ። በሰማይ የመጡ ነገሮች ሁለቱንም አፎች መትተዋል። መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ነፋሱ፣ ከዚያ አቧራው መጣ። ጋሪዋ ከሐዲዱ ወጥታ ተገለበጠች። ስንዱ እየዳኸች፣ እያሳላት፣ ከፊቷ ደብዘዝ ያለ ቢጫ መብራት ወዳለበት ሄደች። በዋሻው ግድግዳ ውስጥ የተፈለፈለ የሠራተኞች መጠለያ ነው። አንድ የድንጋይ አግዳሚ፣ አንድ የመብራት አምፖል፣ አንድ ባለ ሽቦ የአደጋ ስልክ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ አንድ የአየር ቀዳዳ አለው። በሩ አጠገብ የውኃ መውረጃ ቦይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያየችው የጠመንጃ አፈሙዝ ነው። ከዚያ የታችኞችን ወታደር ልብስ አየች። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር ወደማይሄድበት አቅጣጫ ተጣሟል። በግራ ክንዱ ወፍራም ቦርሳ አቅፏል።

«ባለሽበት!» አላት።

ቆመች።

«ማን ነሽ?»

«መርዶ ነጋሪ።»

«ለማን መጣሽ?»

«ላንተ አይደለም፤ አትፍራ።»

ሳቅ ይሁን ሕመም ያልለየለት ድምፅ ከደረቱ ወጣ። «እጅሽን ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ጨበጣቸው። እሷም የሱን ጨበጠች፤ ትኩስና እርጥብ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ምናሴ እባላለሁ አላት። ከዚያ እሱ ወደ ጥጉ፣ እሷ ወደ ሌላው ጥግ ሆነው ተያዩ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«እንደ አንቺው ተቀብሬአለሁ።»

«ከዚያ በፊት?»

«ከቡድኔ ተለይቼ ጠፋሁ።»

በቀጥተኛ ዋሻ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ አልጠየቀችውም። «ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ስንቅ።»

«ስንቅ ከሆነ አውጣና እንብላ።»

«አልራበኝም።»

ዳቦዋን ቆርሳ ወረወረችለት። ያዘውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ እሷ አኝካ እስክትውጥ ድረስ አፉን አልከፈተም። ስትውጥ አይቶ በሁለት ጉርሻ ጨረሰው። ዓይኑን ግን ከእጆቿ ላይ አላነሣም።

ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም ደነገጡ። ምናሴ በአፈሙዙ ጠቆማትና ተነሥታ አነሣችው።

«እቴቴ! እኔ ነኝ፣ ይታገሱ! የሳምንቱ ቃል እንኮይ ነው፤ እንኮይ!»

ቃሉ ትክክል ነበር። ድምፁም የሱ ነው፤ ሲቸኩል የሚሰበረው ነገር ሳይቀር አለ። ስንዱ ግን በሥልጠና የተማረችውን አደረገች፤ ዝም ብላ አዳመጠች። መርዶ ነጋሪዎች አንድ ነገር ይደጋገምላቸዋል፦ ድምፁን አትመርምሩ፤ ድምፅ ሁልጊዜ ትክክል ነው። የሚፈልገውን መርምሩ።

«አትመልሺልኝ፣ ስሚኝ ብቻ» አለ ድምፁ። «በምሥራቅ በኩል እየቆፈርን ነው። አጠገብሽ የታችኞች ወታደር አለ፤ ሲገባ ካሜራ የቀረጸውን አሁን ነው ያየነው፤ ማንነቱንም ለይተናል። የያዘው ቦርሳ ፈንጂ ነው። ጠመንጃውን ይሰጥሻል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ይሰጥሻል። ሲሰጥሽ ግደይው።»

ስልኩን ሰቀለችው።

«ማነው?» አለ ምናሴ።

«ወንድሜ ነኝ የሚል ሰው።»

«ምን አለሽ?»

«እየቆፈርን ነው አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ምናሴ ቦርሳውን ወደ ሆዱ ጠጋ አደረገው። «ለ'ሌላ የለም' ረጅም ነበር» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ስንዱ ስታነሣው የሴት ድምፅ ነው። «እህቴ፣ እባክሽ ባለቤቴን ምናሴን አቅርቢልኝ።» ሽቦው ይደርስ ስለነበር እጀታውን ሰጠችው። እሱ ጠመንጃውን ሳይለቅ አዳመጠ። ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። መጨረሻ ላይ «እሺ» ብቻ አለና መለሰላት።

«ምን አለችህ?»

«ናፍቀኸኛል አለችኝ» አለ። «ሌላ የለም።»

ከዚያ በኋላ በመጠለያው ውስጥ ያለው ሁሉ መተያየት ሆነ። እሷ አንድ እግሯን ስታጥፍ እሱ ያያል። እሱ ሲያስል እሷ እጁ የት እንደሄደ ታያለች። ውኃ ለመጠጣት ወደ ቦዩ ስትወርድ ጀርባዋን ላለመስጠት ወደ ጎን እንደ ሸርጣን እየሄደች ነበር። እንቅልፍ መጣባቸው፤ ማንም ዓይኑን አልከደነም። ስንዱ ወታደሩ ሲያንቀላፋ አገጩ ደረቱን ሳይነካ በርግጎ ሲነቃ ታየዋለች። ምን ሊያደርጋት እንደሚፈልግ ስታስብ ቆየችና፣ እሱም ስለሷ ያንኑ እያሰበ መሆኑ ገባት።

ዋሻው ድጋሚ ተንቀጠቀጠ። ከጣሪያው ሥር ያለው የአየር ቀዳዳ በድንጋይና በአፈር ተደፈነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አምፖሉ ዙሪያ ያለው አቧራ መንቀሳቀስ አቆመ። ሁለቱም በአፋቸው መተንፈስ ጀመሩ።

«እሱ ካልተከፈተ አንወጣም» አለ ምናሴ ወደ ቀዳዳው እያየ። «እኔ መቆም አልችልም። አንቺ ነሽ ያለሽው።»

ቀዳዳውን ለመክፈት አግዳሚው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞር ነበረባት። አልተነሣችም።

«አታምኚኝም» አለ።

«አላምንህም።»

«እኔም አላምንሽም። ግን ያላንቺ እታፈናለሁ፤ አንቺም ዞረሽ ካልቆምሽ ትታፈኛለሽ።» ጥቂት አሰበ። ከዚያ ጠመንጃውን በሰደፉ በኩል አዙሮ ወለሉ ላይ ወደሷ ገፋው። «እንኪ።»

ይሰጥሻል ብሎ ነበር ድምፁ።

ጠመንጃውን አንሥታ ያዘችው። ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል። «ለምን ሰጠኸኝ?»

«ባለቤቴ ናት ስጣት ያለችኝ። መርዶ ነጋሪ ናት፣ ሰው አትገድልም፣ ስጣትና እጅህን አንሣ፣ በሰላም ይወስዱሃል አለችኝ።»

«አመንካት?»

«አትጠገብን? የኔዋ አትጠገብ እንዲህ በትህትና አናግራኝ አታውቅም። ሦስት ጊዜ 'እባክህ' አለችኝ» አለ ምናሴ። «እሷ አይደለችም። እኔ የሰጠሁሽ አየር ስለፈለግሁ ነው።»

ስንዱ አፈሙዙን አላወረደችም። «ቦርሳውን ክፈት።»

«ስንቅ ነው አልኩሽ።»

«ክፈት!»

ቀስ ብሎ ከፈተው። በሰም ወረቀት የተጠቀለሉ ጡቦች የመሰሉ ነገሮች፣ ከላያቸው ደግሞ ሽቦና ጣት የሚያህሉ የናስ ማቀጣጠያዎች።

«የዋሻውን መሐል አፍርሰህ ተመለስ አሉኝ» አለ። «ማንም ሰው የለበትም ብለውኝ ነበር። ጋሪሽ ስትመጣ ሰማሁና ቆምኩ። ከዚያ ያ ከሰማይ የመጣው ነገር ተራራውን መታው።»

«ጋሪዬ አልፋህ ብትሄድ ኖሮ ትጨርሰው ነበር?»

«ብትርቂ ኖሮ እጨርሰው ነበር» አለ። «ምን ልዋሽሽ።»

ማቀጣጠያዎቹን አንድ በአንድ እንዲያቀብላት አዘዘችው። ወደ ቦዩ ጣለቻቸው፤ ውኃው ወደ ተራራው ሆድ ይዟቸው ሄደ። ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አንግታ አግዳሚው ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ድንጋዩን በጥፍሯ መቧጠጥ ጀመረች። ከኋላዋ ምናሴ ሲቃትት ትሰማለች። በአንድ ወቅት «ግራውን ጎትቺው፣ ትልቁን፣ እትዬ» አላት። ጎተተችው። ቀዝቃዛ አየር ፊቷን መታው።

ስልኩ ጮኸ።

«ሰጠሽ አይደል?» አለ የይታገሱ ድምፅ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሚስቱ አይደለችም። ድምፅዋን ሠርተን ያናገርነው እኛ ነን። እቴቴ፣ አሁን ግደይው። አዛዡ ቁፋሮውን አስቁሞታል፤ ፈንጂ የያዘ ሰው ወዳለበት ወታደር አላስገባም ብሏል። ካልገደልሽው እዛው ነው የምትቀሪው። ተኩሱን ልስማ።»

እውነትም ከሩቅ ሲሰማ የነበረው የመቆፈሪያ ጉርምርምታ ቆሞ ነበር። ስንዱ ምናሴን አየችው። የተባለውን ባይሰማም ተረድቶታል፤ ዓይኑን ከአፈሙዙ ላይ አላነሣም፣ ነገር ግን አልለመናትም።

«አንተ ማነህ?» አለችው ድምፁን።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ወንድሜ የጎረቤት ውሻ መኪና ሲገጫት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ተማሪ መትቶ አያውቅም። አንተ ድምፁን ወስደሃል እንጂ እሱን አታውቀውም።»

ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። «እንድትወጪ ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ።»

የሚፈልገውን መርምሩ ይላል ትምህርቱ። ይህ ድምፅ የፈለገው ሰው እንድትገድል ነው። ላይኛ ይሁን ታችኛ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያናግራት ሰው ይሁን አላወቀችም። ወንድሟ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ሆነች። ቁፋሮው ግን እውነት ሊሆን ይችላል።

እጀታውን እንደተከፈተ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ለምናሴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየችው። አፈሙዙን ወደ ዋሻው ጨለማ አዙራ ተኮሰች። በጠባቡ መጠለያ ውስጥ ድምፁ ጆሮዋን ደፈነው። እጀታውን አነሣች።

«አለቀ» አለች።

በወዲያኛው በኩል አንድ ሰው እያለቀሰ ነበር። «ይቅር ይበለን» አለ ድምፁ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ ጉርምርምታው ተመለሰ።

ጠመንጃውን ወደ ቦዩ ጣለችው። ምናሴ ላብ ባጠመቀው ፊቱ ተመለከታት። «አሁን እኛ ምን ሆንን?» አላት። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና የጋሪዋን የእንጨት ስባሪ በኮቷ ቀበቶ እግሩ ላይ አሰረችለት። ሲጮህ አፉን በእጇ ያዘችው፤ የሞተ ሰው አይጮህም። ከዚያ ተራ በተራ አንቀላፉ። እሷ ስትነቃ እሱ ጥበቃ ላይ ነበር፤ ከማን እንደሚጠብቃት ግን እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ቁፋሮው ቀረበ። ድንጋይ ሲንኮታኮት፣ ሰው ሲጣራ ተሰማ። በዋሻው ምሥራቅ በኩል ከተቆለለው ፍርስራሽ አናት ላይ ቀጭን ብርሃን ገባ፤ እየሰፋ ሄደ። አንድ ሰው በሆዱ እየተሳበ ገባ። መሣሪያ አልያዘም። ግንባሩ ላይ መብራት አለ፤ ክንዶቹ እስከ ክርናቸው ተልጠዋል። ወደ መጠለያው ሮጠ።

ይታገሱ ነበር።

አቀፋት። ላብና አፈር ይሸታል፤ እያለቀሰ ይስቃል። «ጨረስሽው አይደል? አይዞሽ፣ አይዞሽ እቴቴ። እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ፤ ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ያንቺ አይደለም።»

ስንዱ ከእቅፉ ወጣች። «በስልክ ያናገርከኝ አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን?»

መብራቱ ከትከሻዋ በላይ አለፈና ምናሴ ላይ አረፈ። ምናሴ ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ እጆቹ ወደ ላይ ናቸው፤ ከጎኑ ቦርሳው አለ። ይታገሱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የሚሄድበት አጥቶ ትንሽ እንደቆመ ቀረ።

«ማቀጣጠያዎቹን ውኃ ውስጥ ጥያቸዋለሁ» አለች ስንዱ። «ጠመንጃውንም። ምንም አልያዘም፣ ይታገሱ።»

«ሞቷል ብለሽኝ ነበር።»

«አንተ አልመሰልከኝም።»

«ሌሎቹ አንገባም አሉ» አለ ይታገሱ፤ የሚያናግረው እሷን ሳይሆን መሬቱን ይመስላል። «ፈንጂ አለ ብለው ፈሩ። እህቴ ሞቷል ካለች ሞቷል አልኳቸው። ስላመንኩሽ ነው ቀድሜ የገባሁት።» ቀና አለ። «የኔን እውነት አላመንሽም፤ እኔ ግን ውሸትሽን አመንኩ።»

ከኋላው ሁለተኛ ወታደር ከቀዳዳው ወርዶ ደረሰ። ምናሴን ሲያይ ጮኸና ጠመንጃውን ደገነ። ስንዱ መሐል ገባች። ወታደሩ «ዞር በይ!» እያለ ጮኸ፤ ጣቱ ቃታው ላይ ነበር። ማንንም መለመን አልመጣላትም፤ ወንድሟን ብቻ አየችው። ይታገሱ እጁን ዘርግቶ የወታደሩን አፈሙዝ ወደ መሬት ዝቅ አደረገው።

«ተወው» አለ። «እስረኛ ነው።»

ምርመራው የተደረገው ከክረምቱ በፊት፣ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። የምርመራ መኮንኗ ትሑት ሴት ነበረች። ሕጉ ድምፅን ባለማመን ማንንም እንደማይቀጣ ገለጸችላት። «የወንድምሽን ድምፅ የጠላት ሥራ መስሎሽ ነው ትእዛዙን ያልፈጸምሽው፤ አይደል?»

«አዎ።»

«ስለዚህ ወንድምሽ መሆኑን ብታውቂ ትፈጽሚው ነበር።»

ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ እንድትወጣበት የተከፈተላት በር ነው። ስንዱ ታውቀዋለች። ይታገሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አልፈጽመውም ነበር» አለች።

መኮንኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚያው ሳምንት ስንዱ ግራጫ ኮቷን አስረከበች። ሰንበሌጥ ወዳለችው እናት ሌላ መርዶ ነጋሪ ሄደ። ምናሴ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ ከመስቀል በኋላ በነበረው የእስረኞች ልውውጥ ወደ አገሩ ተሻገረ። ስለሱ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማችም። በስልክ ለመስማትም አልሞከረችም።

የምርመራው ዕለት ከአዳራሹ ስትወጣ ይታገሱ ደረጃው ላይ ይጠብቃት ነበር። አብረው ወደ መኪናው ሄዱ። ከኋላዋ ሆኖ፣ እንድታየው ሳይፈልግ፣ ተናገረ።

«እኔ ያንን ያልኩት አንቺን ለማውጣት ነው። ዛሬም ቢሆን እለዋለሁ።»

ስንዱ ቆመች። ሳትዞር አዳመጠችው። ሲቸኩል የሚሰበረው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው ድምፅ ነው፤ አንድም ነገር አልጎደለውም።

«አውቃለሁ» አለችው። «አሁን አውቄሃለሁ።»

የመኪናውን በር ከፍታ ገባች፤ እሱም በሌላው በኩል ገባ።